ቤንዚኑ ላይ አረቄ ገባ ወይ?
(በማኅበራችን የወላጆችና የወጣቶች ምሽት፣ ነታንያ፣ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንናገረው ስለ ቤንዚን ነው። አዎ፣ ስለ ቤንዚን። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ልጆቹ ስለ ባግሩት፣ ስለ ጻባ፣ ስለ ሥራ ይነግሩናል ብለን መጥተን ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እንደምትሉ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን። ነገሩ የጀመረው ከእኛ ሳይሆን ከእናንተው ከአንዱ ነው።

ባለፈው በጋ ከመካከላችን አንዱ አያቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ ታኽናት ደሌክ ገባ፤ ነዳጅ ማደያ ማለታችን ነው። ፓምፑን ይዞ ሲቀዳ አያትየው በመስኮት ብቅ ብለው «ልጄ፣ እዚህም አገር አረቄ ይጨምሩበታል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ የሚነዳ የወንድማቸው ልጅ በ2001 በኛ አቆጣጠር ስልክ ደውሎ «ጋሼ፣ ቤንዚኑ ላይ አረቄ ገባበት፣ ታክሲዬ ሰክራለች» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቀው መልስ አላገኙም።

ልጁ ይህን ሲነግረን ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ ፈለግን፣ ከዚያ ደነገጥን። እውነት ነው! ለዚህ ነው ዛሬ የቆምነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳንደናገር።)

እንግዲህ በጥቅምት 2008 የኢትዮጵያ መንግሥት አዲስ አበባና ዙሪያዋ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል እንዲጨመር አደረገ። ከመቶ ሊትሩ 95ቱ ቤንዚን፣ 5ቱ ኢታኖል ማለት ነው። በ2011 ደግሞ ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። አልኮሉ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነው፤ ወለጋ ውስጥ፣ ወደ ዓባይ በሚገባው በፊንጫ ወንዝ አጠገብ ያለው። በኋላ መተሐራም የራሱን ኢታኖል ማምረት ጀመረ። የሚደባለቀውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው እዚያው ማደያው ላይ አይደለም። መጀመሪያ ሱሉልታ ባለው የናይል ፔትሮሊየም ማከማቻ ይቀየጥ ነበር፤ ቆይቶ ኦይል ሊቢያና ኖክም ገቡበት። ከዚያ በቦቴ ተጭኖ ወደየማደያው ይሄዳል። ነዳጅ ቀጂውም ሆነ ሹፌሩ የሚያዩት ያንኑ የድሮውን ፓምፕ ነው። ስለዚህ ታክሲ ነጂው የሰማውን ወሬ ነው እንጂ ያየው ነገር የለም፤ ወሬው ግን ትክክል ነበር።

አሁን ኢታኖል ምንድን ነው? እዚህ ላይ ከኛ ይልቅ እናቶቻችን ቢያስተምሩ ይሻል ነበር። እኛ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ በመስታወት ዕቃ ያየነውን እነሱ በሸክላ ሲሠሩት ኖረዋል። ድፍድፉ ይደፈደፋል፣ ይፈላል፣ ከዚያ ከእሳት ላይ ይጣድና እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አልኮል በ78 ዲግሪ ይተናል፣ ውሃ በ100፤ ስለዚህ አልኮሉ ቀድሞ ይወጣል። ያንኑ መልሰው ሲያወጡት ዳጊም ይሆናል፣ ይጠነክራል። ፋብሪካው የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በጌሾና በብቅል ፋንታ ሞላሰስ ማስገባቱ ነው። ሞላሰስ ማለት ሸንኮራው ተጨምቆ፣ ጭማቂው ፈልቶ፣ ስኳሩ ፍሬ ሠርቶ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ከአንድ ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ገደማ አልኮል ይወጣል።

ግን አንድ ነገር አለ። የፈለጋችሁትን ያህል ደጋግማችሁ ብታወጡት በዚህ መንገድ ከ95 ወይም 96 በመቶ በላይ አይጠራም። የቀረችው ውሃ አልላቀቅም ትላለች። ለመጠጥ ቢሆን ያ ከበቂ በላይ ነው፤ ለመኪና ግን አይሆንም። ስለዚህ ፋብሪካው ውሃዋን ብቻ መጥጦ የሚያስቀር ሌላ መሣሪያ ያስገባና ከ99 በመቶ በላይ ያደርሰዋል። (ወጣቶች፣ አንድ ማሳሰቢያ፤ ለነዳጅና ለምድጃ የሚሸጠው አልኮል ማንም እንዳይጠጣው ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ይኼ ቀልድ አይደለም።)

ውሃዋ ለምን አስቸገረች? በኮሌጅ ላቦራቶሪ፣ አስተማሪ ቆሞ እያየን፣ አንድ ሙከራ ሠርተን ነበር። ባለ ቁጥር ረጅም የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቤንዚን አድርገን ውሃ ጨመርንበት። ውሃው ሰመጠ፣ ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፈፈ፣ በቃ። ቀጥሎ አልኮል ያለበትን ቤንዚን አደረግን። ያን ያህሉን ውሃ ጨምረን ስንነቀንቀው የታችኛው ንጣፍ ካስገባነው ውሃ በለጠ። አልኮሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወረደ! ከሁለት ወዳጅ አንዱን ምረጥ ቢሉት ውሃን ይመርጣል። ቤት ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት፤ የቤንዚን እንፋሎት ከሩቅ እሳት ይጠራል።

ይህ ማደያው ላይ ምን ያመጣል? የማደያ ነዳጅ ከመሬት በታች በተቀበረ ታንከር ውስጥ ነው ያለው። ክረምት ሲሆን፣ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ ውሃ ይገባል። ንጹሕ ቤንዚን ሲሆን ውሃው ከታች ይቀመጣል፤ ባለማደያው በዘንግ ለክቶ ያስወጣዋል። 10 በመቶ ቅይጥ ሲሆን ግን መጀመሪያ ውሃውን ይጠጣዋል፣ ምንም አይታይም። ከ1,000 ሊትር ውስጥ ውሃው ወደ 5 ሊትር ገደማ ሲደርስ ግን አንድ ጊዜ ይለያያል፤ አልኮልና ውሃው ተያይዘው ይሰምጣሉ። ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከታች አካባቢ ነው። ያን ቀን የቀዳ ሰው መኪናው ጥቂት ሄዶ ትቆማለች። ስለዚህ ቅይጥ የሚሸጥ አገር መጀመሪያ ማጠብና ማድረቅ ያለበት ታንከሮቹን ነው።

ብራዚል ይህን ለሕዝቡ ሰጥታዋለች። እዚያ ማንም ደንበኛ ማደያ ገብቶ «ሞክሩልኝ» የማለት መብት አለው። ሠራተኛው 50 ሚሊ ሊትር ቤንዚንና 50 ሚሊ ሊትር ጨው ያለበት ውሃ በቱቦ ያደባልቃል፤ የታችኛው ንጣፍ በስንት እንደጨመረ ይታያል፤ ያ በሁለት ይባዛል፣ አንድ ይደመርበታል፣ የአልኮሉ መቶኛ እሱ ነው። ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ባለማደያው ይጠየቃል። ይህን ስናነብ በጣም ደስ ብሎናል። ገዢው የሚገዛውን በዓይኑ የሚያይበት ነገር ነው።

ስለ መኪናው ሌላ አንድ ነገር እንበልና እንለፈው። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ጉልበት ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። 50 ሊትር ታንክ ያለው መኪና 10 በመቶ ቅይጥ ሲሞላ 5 ሊትሩ አልኮል ነው፤ እሱ የሚሠራው የ3 ሊትር ከምናምን ቤንዚን ሥራ ነው። በአንድ ሙሊት 750 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከነበረ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጎድልበታል፤ ከዚህ ከነታንያ ሄርጽሊያ አካባቢ ለመድረስ የሚበቃ ማለት ነው። ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ባለታክሲ ግን ያስተውላል፤ የአያታችን የወንድም ልጅ «ሰክራለች» ያለው ይህን ይሆን? አሮጌ መኪኖች ላይ ደግሞ አልኮል ታንኩ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻ አጥቦ ወደ ማጣሪያው ይወስደዋል፣ የድሮውን ዓይነት ጎማ ቱቦም ይጎዳል። ለአዳዲሶቹ መኪኖች 10 በመቶ ምንም አይደለም፤ አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚያ ነው። አልኮል ጥሩ ጎንም አለው፤ ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው አይነድም። እዚህ በፓምፑ ላይ 95 እና 98 የሚለው ቁጥር የሚለካው እሱን ነው።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን ተደረገ?

አባቶቻችን ይህን ክፍል ከኛ በተሻለ ያውቁታል፤ እኛ የተወለድነው ዘግይተን ነው። በጥቅምት 1973 የዮም ኪፑር ጦርነት ሲነሣ የዐረብ አገሮች ነዳጅ ያዙ፣ ዋጋው በጥቂት ወራት ብዙ እጥፍ ሆነ። ኢትዮጵያ በዚያው ወር ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች፤ ቤንዚኑ ግን በዚህ ምክንያት አልረከሰላትም። በየካቲት 1974፣ ማለት በ1966 የካቲት፣ የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ ወጡ። ንጉሡ ዋጋውን ቀነሱ፤ ግን ረፍዶ ነበር። የዚያ ዓመት መጨረሻ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። አብዮቱን ያመጣው ቤንዚን ብቻ ነው አንልም፤ ግን አንድ አገር የምታቃጥለውን ሁሉ ከውጭ የምትገዛ ከሆነ በሌላ ሰው ጦርነት ቤቷ ሊናወጥ እንደሚችል ያሳያል።

ብራዚልም የነቃችው በዚያው ድንጋጤ ነው። በ1975 ፕሮአልኮል የሚባል ትልቅ ዕቅድ አወጣች፤ ከሸንኮራዋ ነዳጅ መሥራት ጀመረች። ዛሬ እዚያ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ 30 በመቶው ኢታኖል ነው፤ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ከ27 ወደ 30 አሳድገውታል።

ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ነዳጅዋን ከውጭ ነው የምትገዛው፤ በጅቡቲ በኩል፣ በዶላር። ዶላሩ ከቡና፣ ከሰሊጥ፣ ከአበባ፣ እናንተም ለዘመድ ከምትልኩት ይመጣል። ስለዚህ የ2008ቱ ሐሳብ «ከሞላሰስ የምናወጣው እያንዳንዱ ሊትር ከውጭ የማንገዛው ሊትር ነው» የሚል ነበር። ሞላሰሱ ደግሞ በአብዛኛው የትም የሚደፋ ነበር። በዚህ ላይ ሐሳቡን የሚነቅፍ ነገር አላገኘንም፤ ብልህ ነው። እንደውም ከድሮም የሚያስገርመን፣ ወንጂ ላይ ሆላንዶቹ በ1954 ስኳር ማምረት ከጀመሩ ጀምሮ ሞላሰስ ነበረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ለምን ተጠበቀ?

እንዴት ሆነ ታዲያ? ፊንጫ ሲጀምር በዓመት ማምረት የሚችለው 8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነበር፣ መተሐራ ደግሞ 12 ሚሊዮን ተኩል። ይህ ፋብሪካው ሙሉ ጊዜ ከሠራ ነው። ሞላሰስ ያለ ስኳር አይኖርም፤ ስኳር ያለ ሸንኮራ አይኖርም፤ ሸንኮራው የመስኖ ውሃ፣ መለዋወጫ ዕቃ፣ ሰላም ይፈልጋል። ተንዳሆ፣ በለስ፣ ኩራዝ ተብለው የታቀዱት ትልልቅ ስኳር ፋብሪካዎች ዓመት በዓመት እየዘገዩ ሄዱ፤ አገሪቱ ስኳር ራሱን ከውጭ እያስገባች፣ ሰው ለስኳር ወረፋ እየቆመ ቀጠለ። ቅይጡ በቂ ኢታኖል አላገኘም፣ ተቋረጠ። ብራዚልም ቢሆን ይህ ጽዋ ደርሷታል፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የስኳር ዋጋ ሲወደድ ፋብሪካዎቹ አልኮሉን ትተው ወደ ስኳሩ ዞሩ፣ በአልኮል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ማደያ ላይ ቆመው ቀሩ። ከ2003 ወዲህ በሁለቱም የሚሄድ መኪና የሠሩት ከዚያ ተምረው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ የአንዳችን እናት ከኩሽና ሆና ትሰማን ነበር። ሽንኩርቷን ትታ መጣችና «ሰው እየተራበ እህል ለመኪና?» አለች። ዝም አልን። ምክንያቱም የምትጠይቀው ሴት ረሃብን በመጽሐፍ ያነበበች አይደለችም፤ በሱዳን በኩል በእግሯ የመጣች ናት።

ለእሷ የምንመልሰው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ልክ ነሽ፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚታጨደው በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሄደው ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ነው፤ ተረፉ ለከብት መኖ ቢመለስም። በ2007 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት መርማሪ የነበሩት ዣን ዚግለር እህልን ወደ ነዳጅ መቀየር በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብለው ለአምስት ዓመት እንዲቆም ጠይቀዋል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2008፣ የእህል ዋጋ በዓለም ሁሉ ሰማይ ነካ፤ በደቡብ ኢትዮጵያም ሰው ተራበ። ቅይጡ አዲስ አበባ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው፤ ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታል?

ሁለተኛው፣ የፊንጫው ግን በቆሎ አልነበረም። ሞላሰስ ሰው አይበላውም። የማንንም እንጀራ አልወሰደም። እዚህ ላይ ግን ብናቆም ግማሽ እውነት ነው የምንነግራችሁ። ሸንኮራው የበቀለበት መሬት የማን ነበር? የመተሐራ ሸንኮራ እርሻ በ1960ዎቹ ሲስፋፋ መሬቱ የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። ከብቶቻቸው ወደ አዋሽ የሚወርዱበት መንገድ ተዘጋ፤ ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበት ጠፋ። እነሱ ዛሬም አይረሱትም። እኛ ልጆቻችሁ፣ ከቀያችሁ ስለመነሣት በየቤቱ እየሰማን ያደግን፣ ይህን ዘለን «ንጹሕ ነዳጅ» ብንል ያስነውረናል። ሞላሰሱ ተረፈ ምርት ነው፤ መሬቱ ግን ተረፈ ምርት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው «አልኮል ቤንዚን ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ» ብቻ አይደለም ብለን እናምናለን። ከምን ተሠራ? በማን መሬት? ያ አልኮል መኪና ውስጥ ባይገባ የት ይገባ ነበር?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው እኛን በጣም የያዘን። ማደባለቁ ከመጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋያ የሚባል ድርጅት ያንኑ የፊንጫ ኢታኖል ለሌላ ነገር እያዋለው ነበር፤ ለምድጃ። ክሊንኩክ የሚባል ምድጃ አለ፤ አልኮሉ ውስጡ ባለው ስፖንጅ መሰል ነገር ይመጠጣል፣ ቢገለበጥም አይፈስም፣ ጭስ የለውም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በቤተሰቦች ተሞከረ። ከዚያ ጅጅጋ አካባቢ ወደሚገኙት የሶማሊያ ስደተኞች ካምፖች፣ ቀብሪበያህ ወደሚባለውም ሄደ። እዚያ ሴቶች እንጨት ለመልቀም ርቀው ሲሄዱ ይደፈሩ፣ ይደበደቡ ነበር። ምድጃው ሲመጣ ያ ጉዞ ቀነሰ። በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ጫካ ጀርባቸውን አጉብጠው እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶች ማኅበር ጋር ሠርተዋል። ድርጅቱ በ2008 አሽደን የሚባለውን የእንግሊዝ ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ደግሞ ማደባለቁ ተጀመረ። ማደያውና ምድጃው ከአንድ በርሜል የሚቀዱ ሆኑ፤ በርሜሉ ደግሞ ትንሽ ነበር።

ትንሽ ሒሳብ ሠራን፤ የራሳችን ግምት ነው። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምድጃ በቀን 1 ሊትር ገደማ ያቃጥላል እንበል። የፊንጫ 8 ሚሊዮን ሊትር ዓመቱን ሙሉ ወደ 22,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያበስላል። ያው 8 ሚሊዮን ሊትር መኪና ውስጥ ሲገባ የ5 ሚሊዮን ከምናምን ሊትር ቤንዚን ሥራ ይሠራል። ዶላሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ መድኃኒትም የሚገዛው በዶላር ነው። በሌላ በኩል የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከእናቶቻችን መካከል ጎንደር የጎጆ ጭስ ያደከመው ሳንባ እስከ ዛሬ የሚያስላቸው አሉ፤ እዚህ ሐኪም «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ተርጉመን ያፈርነው እኛ ነን። ስለዚህ ተከራክረንበታል፤ ሁላችንም አልተስማማንም፤ አብዛኞቻችን ግን ትንሽ አልኮል ብቻ ካለ መጀመሪያ ምድጃው ይድረሰው ብለናል። ከበዛ፣ ሞልቶ ከፈሰሰ፣ ያኔ መኪናው።

ያም ባይሆን መንገዱ ራሱ እየተቀየረ ነው። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ከውሃ የሚመነጭ መብራት አለኝ፣ መኪናው በእሱ ይሂድ ነው ነገሩ። እዚያ ያሉት አሮጌ መኪኖችና ባጃጆች ግን ለብዙ ዓመት ቤንዚን ይጠጣሉ። ማደባለቁ ተመልሶ ቢመጣ ታዲያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

እዚህስ? አያታችን ለጠየቁት መልስ ሳንሰጥ አንወርድም። እስራኤል የሸንኮራ አገር አይደለችም፣ ውሃዋም ውድ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ አልሄደችም። ሌላ ሙከራ ግን ነበር። በ2016 ፊያት 15 በመቶ ሜታኖል ባለው ቤንዚን የሚሄድ መኪና እዚህ አስተዋውቆ ነበር፤ ሜታኖልን ከባሕር ከሚወጣው ጋዝ መሥራት ይቻላል በሚል ሐሳብ። ሜታኖል የአረቄ ዘመድ ይመስላል፤ ግን ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፣ እንዳትሳሳቱ። የሚገርመው ግን ይህ አገር ከመመሥረቱ በፊት አልኮልና እህል ተገናኝተው ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐይም ዋይዝማን ኬሚስት ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር ሆነው በቆሎን በባክቴሪያ አፍልተው ለባሩድ የሚያስፈልገውን አሴቶን የሚያወጡበትን ዘዴ ሠሩ፤ ከዚያው ጋር ቡታኖልና ትንሽ ኢታኖልም ይወጣል። በ1917 እህሉ ለሰው ሲያንስ በየመንደሩ ያሉ የእንግሊዝ ልጆች ሰው የማይበላውን የዛፍ ፍሬ እየለቀሙ ለፋብሪካው እንዲያመጡ ተደረገ። የእናታችን ጥያቄ ያኔም ተጠይቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የተሰጠው መልስ እንደ ፊንጫ ሞላሰስ ሰው የማይበላው ነገር ነበር።

እኛ የተዘጋጀነው እስከዚህ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ያላወቅነውን አላወቅንም እንላለን።

(ከአዘጋጆቹ የተጨመረ፦ ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ቀርቧል። ቦታ ስላጠረን አንዱን ብቻ እንጻፍ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት እጃቸውን አውጥተው «ይሄ ያላችሁት ምድጃ እንጀራ ይጋግራል?» አሉ። እርስ በርስ ተያየን። ምድጃው ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ለምጣድ ግን ጠባብ ነው፣ እሳቱም አይዳረስም። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እንጨቱን የሚጨርሰው እኮ ምጣዱ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት አምጡልን» አሉና ተቀመጡ። አያታችን ግን ለልጃቸው ልጅ በጆሮው «ታዲያ ላዳዋ አልሰከረችም ማለት ነው?» ብለውታል።)